ሽፍታው ሲነግሥ፦ ከጠፈሩ ኮብራ እስከ ቋራው ካሳ

ጃፓኖች ኮብራ የሚባል የጠፈር ወንበዴ አላቸው። ቡይቺ ቴራሳዋ የተባለ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1978 በሥዕል ታሪክ ጀመረው፤ በ1982 ደግሞ በ31 ክፍል ለቴሌቪዥን ተሠራ። በግራ ክንዱ ውስጥ መሣሪያ ደብቋል፣ ሲጋራ ከአፉ አይለይም፣ ሞት ደጃፉ ላይ ቆሞም ይቀልዳል። በ2010 እንደገና ሲሠራም ያንኑ የድሮ መልኩንና ወጉን ይዞ ነው የመጣው። ሌባ ነው፤ ተመልካቹ ግን ከሕግ አስከባሪው ይልቅ እሱን ይወዳል።

ለደብረ ታቦር ሰው ይህ ዓይነቱ ጀግና እንግዳ አይደለም። «ወንበዴ» ስድብ ነው፤ «ሽፍታ» ግን እንደ ተናጋሪው ስድብም ሙገሳም ይሆናል። ለዚህ ደግሞ ከቋራው ካሳ ኃይሉ የተሻለ ምስክር የለም።

ካሳ በቆላ ሸፍቶ ሲዘርፍ፣ ካገኘው ለገበሬው እያካፈለ የእርሻ መሣሪያ እንዲገዛበት ያደርግ ነበር ይባላል። ደብረ ታቦር ያኔ የራስ አሊ መቀመጫ ናት። የራስ አሊ እናት እቴጌ መነን ጦር ሲልኩበት አዛዡ ደጃዝማች ወንድይራድ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ፎክረው ዘመቱ። ተማረኩ። ካሳም ኮሶ አስጠጣቸው፤ እናቴ ዛሬ ኮሶዋን ሳትሸጥ ቀርታ እህል አልገዛችምና ያለውን ቅመሱ የሚል ቀልድ ተጨምሮበት ይተረካል። ኮብራ ራሱ ከዚህ የተሻለ አይቀልድም። ብዙ ሳይቆይ በ1839 ዓ.ም. እቴጌይቱም ተማረኩ።

የጃፓኑ ታሪክ እዚህ ላይ ይቆማል። ኮብራ አይነግሥም፣ ግብር አይሰበስብም፣ ቀለብ የሚፈልግ ሠራዊት የለውም። ሳይጠላ የኖረውም በዚህ ነው።

ካሳ ግን በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ አሊን ድል አደረገ፤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫነ። ከዚህ ወዲያ በአማርኛ «እሱ» ቀርቶ «እሳቸው» ይጀምራል። ሰውየው ያው ናቸው፤ ጦሩ ግን መብላት አለበት፣ የሚበላው ደግሞ ከገበሬው ጎተራ ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት አፄ ቴዎድሮስ ከያዟት አገር ብዙው ከእጃቸው ሲወጣ የጉና ዙሪያው በጌምድር ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ለማረሻ መግዣ አካፈለ የተባለለት ሰው የገበሬውን በሬ ወሰደ።

ታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረውን ሽፍትነት አጥንቶ የደረሰበት ድምዳሜ ደስ አይልም፤ ግን ትክክል ይመስላል። ሽፍትነቱ በአብዛኛው የመኳንንቱ የሹመት መንገድ እንጂ የገበሬው ዐመፅ አልነበረም። ልብ ወለዱና ተውኔቱ ግን ካሳን ከነሕልሙ አንሥቶ መቅደላ ላይ ያስለቅሰናል፤ በመካከል ያለችው የተቃጠለች በጌምድር ቶሎ ትታለፋለች። የአፄው ሕልም ትልቅ ነበር፤ ይህን መካድ ንፉግነት ነው። ዋጋውን የከፈለውን ገበሬ መርሳትም እንዲሁ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ጠመንጃ ዝም ባላለበት ክልል ደግሞ ይህ የድርሰት ወሬ ብቻ አይደለም።

ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ሁለቱንም ታስታውሳለች። የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ያቀለጡት እዚያ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወጡ። መድፉን ሠራዊቱ መንገድ እየጠረገ ለግማሽ ዓመት ያህል ወደ መቅደላ ጎተተው። ንጉሡ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን እዚያው ራሳቸውን ሠዉ። አካባቢው እንደገና የንጉሥ መቀመጫ የሆነው አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከከተማዋ አጠገብ ሰመራ ላይ ሲከትሙ ነው።