ከሶዶ እስር ቤት እስከ ቶኮዛ፦ መከራ ሰውን የሚያበስለው መቼ ነው?

«ቶኮዛ» በዙሉ ቋንቋ «ደስ ይበልህ» እንደ ማለት ነው። ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው ይህች የጥቁሮች መኖሪያ ከተማ ግን ስሟን የሚያስረሳ ዘመን አሳልፋለች። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1994 በሠራተኞች ሆስቴል የሚኖሩ የኢንካታ ደጋፊዎችና በየቤቱ የሚኖሩ የኤ.ኤን.ሲ. ደጋፊዎች በኩማሎ ጎዳና ላይ ተፋጅተዋል። ሀገሪቱ የመጀመሪያውን የሁሉንም ሕዝብ ምርጫ ልታካሂድ 9 ቀን ሲቀራት፥ ሚያዝያ 18 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.፥ ኬን ኡስተርብሩክ የተባለው ታዋቂ ፎቶግራፍ አንሺ በጥይት የወደቀው እዚያው ቶኮዛ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በዚያው ጎዳና የቆመው መታሰቢያ ከ600 በላይ የሟቾችን ስም ይዟል።

እንደሚታወቀው፥ በቶኮዛና በመሰል ሰፈሮች ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው። አብዛኞቹም ከደቡብ ኢትዮጵያ፥ ከሆሳዕናና ከዙሪያዋ የመጡ ናቸው። በየጸሎት ቤቱም፥ በየቤተ ክርስቲያኑም «መከራ አማኝን ያበስላል» ሲባል ይሰማሉ። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን መከራ በራሱ ያበስላልን? ያበስል ቢሆንማ በዓለም ላይ ከስደተኛ የበሰለ ሰው ባልተገኘ ነበር። በአንድ ሌሊት የተዘረፉ ሁለት ሰዎች፥ አንዱ መራራ፥ ሌላው ርኅሩኅ ሆነው ሲወጡ በዓይናችን አይተናል። ልዩነቱ ከምን መጣ? መልሱን ከራሳችን ታሪክ እንፈልግ።

የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ሰዎች ወላይታ የገቡት በ1920 ዓ.ም. ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ ሀገራችንን በወረረ ጊዜ ግን፥ በሚያዝያ ወር 1929 ዓ.ም. ሶዶን ለቀው ለመውጣት ተገደዱ። ሲሄዱ የተጠመቁት ምእመናን 48 ብቻ ነበሩ። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋቸው አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። አብዛኞቹም ማንበብ አይችሉም ነበር። ያ ዘመን ለሁሉም የመከራ ዘመን እንደነበረ አንርሳ። አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት የተደበደቡት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው።

በወላይታም የምእመናኑ መሪዎች ተያዙ። ወንጌላዊ ዋንዳሮ በአደባባይ ተገረፈ፥ ታሰረም። የጸሎት ቤቶች ፈረሱ። በዚያ ጊዜ እስረኛን የሚቀልበው መንግሥት ሳይሆን ዘመዱ ነበር፤ ዘመድ የሌለው ይራባል። ምእመናኑ ግን ስንቅ ተሸክመው ወደ እስር ቤቱ ሲመላለሱ ወንድሞቻቸውን ብቻ አልመገቡም፤ የእነርሱ ወገን ላልሆነው እስረኛም አካፈሉት። ይህ ነገር በገበያና በመንገድ ተወራ። «እነዚህ ሰዎች እንዲህ የሚዋደዱት ምን ቢያገኙ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም ስብከት ይልቅ ብዙዎችን ሳበ።

ከነጻነት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ 48 የነበሩት ወደ 10,000 ገደማ ደርሰው አገኟቸው። ዛሬ የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ተብላ የምትታወቀው ከነዚህና ከመሰሎቻቸው የወጣች ናት። ከሆሳዕና አካባቢ የመጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የዚያው ዘመን ምእመናን የልጅ ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ያበሰላቸው ጅራፉ አልነበረም። ጅራፉ ያረፈበት ሁሉ አልበሰለምና። ያበሰላቸው፥ እነርሱ ራሳቸው በተቸገሩበት ሰዓት ስንቃቸውን ለባዕድ መቁረሳቸው ነው። መከራ በሩን ይከፍታል፤ ገብቶ ማደግ ወይም ደጅ ቆሞ ማማረር ግን የሰው ፈንታ ነው።

ወደ ቶኮዛ እንመለስ። በግንቦት 2008 እ.ኤ.አ. ከአሌክሳንድራ ተነሥቶ በየሰፈሩ በተስፋፋው የውጭ ዜጎችን የማጥቃት ዘመቻ 62 ሰዎች ሞተዋል። ከነዚህ 21ዱ ራሳቸው ደቡብ አፍሪካውያን እንደነበሩ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? እኛ የራሳችንን ሟች ሬሳ ወደ ሀገር ለመላክ ገንዘብ እናዋጣለን፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። የጎረቤታችን የዙሉ እናት ልጅ ሲሞትባት ግን ከብረት ፍርግርጋችን ወጥተን ደጇ ደርሰን እናውቃለን? ዱቤዋን እንጽፋለን፤ ስሟን ግን እናውቀዋለን?

እርግጥ ነው፥ ሱቁ የተዘረፈበትን፥ ወንድሙ የተገደለበትን ሰው «ታገሥ» ማለት ቀላል ነው። ፍትሕ ሊጠየቅ ይገባል፤ ወንጀለኛም ሊያዝ ይገባል። ይቅርታ ማለት ዝም ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ፍትሕን የሚጠይቅ ልብ በጥላቻ ቢሞላ፥ ዘራፊው ከሱቁ በላይ ወሰደ ማለት ነው።

አያቶቻችን በሶዶ እስር ቤት በር ላይ ስንቃቸውን ሲያካፍሉ ታሪክ እየሠራን ነው ብለው አላሰቡም። የተራበ አይተው ቆረሱለት እንጂ። እኛም በኩማሎ ጎዳና ስናልፍ በአንድ ስፍራ የሰፈሩትን ስሞች ቆም ብለን እንመልከት። ከዚያም የከተማይቱን ስም ለጎረቤታችን ሰላምታ አድርገን እንስጠው።