ዝርዝርን በፊደል ተራ ስለ ማኖር

ተራ የሌለው ስብስብ፣ ምንም ያህል ሀብት ቢከማችበት፣ ላከማቸው ሰው እንጂ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ፈላጊ ብዙ አይጠቅምምና፣ ጥንታውያን የሰበሰቡትን ቃልና ስም በፊደል ቅደም ተከተል ማሰለፍን ሥርዓት አደረጉ። የልማዱንም ጥንታዊነት፣ ዳዊት የደገመ ሁሉ የሚያውቀው 118ኛው መዝሙር ይመሰክራል፤ 176ቱ ቁጥሮቹ በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ተራ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ስምንት ስምንት ሆነው ተመድበዋልና። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በሦስተኛው ምእት ዓመትም ካሊማኮስ የተባለው ሊቅ የእስክንድርያን ቤተ መጻሕፍት ሀብት በ120 ጥቅልል ሲመዘግብ፣ ደራስያኑን በየዘርፋቸው ለይቶ በፊደል ተራ እንዳስቀመጣቸው የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ።

ይሁን እንጂ፣ ዛሬ ከተፈጥሮ ጋራ የተሰጠን የሚመስለን ይህ ሥርዓት ለብዙ ዘመን ለአንባቢው እንግዳ ነበር። የጀኖቫው መነኩሴ ጆቫኒ ባልቢ እ.ኤ.አ. በ1286 ካቶሊኮን የተባለውን ታላቅ የላቲን መዝገበ ቃላት በፈጸመ ጊዜ፣ የፊተኛው ፊደል ሲመሳሰል ሁለተኛው፣ ሁለተኛውም ሲመሳሰል ሦስተኛው እንደሚታይ በብዙ ምሳሌ ማስረዳት፣ አንባቢውንም ድካሙን እንዳይንቅበት መለመን ግድ ሆነበት። እንግሊዛዊው ሮበርት ካውድሪም በ1604 መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ፣ ሊጠቀምበት የሚወድ ሁሉ አስቀድሞ የፊደሉን ተራ በቃሉ እንዲያጠና መክሯል።

በአገራችን ነገሩ ይልቁን ይረቅቃል፤ የፊደላችን ተራ አንድ ብቻ አይደለምና። የቄስ ትምህርት ቤት ሕፃን በሀሁ ጀምሮ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል፤ ጀርመናዊው ኦገስት ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ያሳተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላት በሀለሐመ ሲሄድ፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን የሰጡለትና ከዕረፍታቸው በኋላ በ1948 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ግን በአበገደ ይሄዳል። ስለዚህ «በፊደል ተራ ደርድር» የሚል ትእዛዝ፣ በየትኛው ተራ እንደ ሆነ እስኪነገር ድረስ ያልተፈጸመ ትእዛዝ ነው።

ይኸው ጉዳይ በኮምፒዩተር ዘመን ታድሶ ተነሣ። ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1945 ኤድቫክ ለተባለው ኮምፒዩተር ካሰናዳቸው የመጀመሪያ ፕሮግራሞች አንዱ መዛግብትን በቅደም ተከተል የሚያሰልፍ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻም በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ስቲቨን ጆንሰን ሊንት የተባለውን መርማሪ ሠራ፤ ይህም በሲ ቋንቋ የተጻፈውን ፕሮግራም ሳያስኬድ አንብቦ አጠራጣሪውን ስፍራ የሚያመለክት በመሆኑ፣ ለኋለኞቹ መርማሪዎች ሁሉ አበ ነገድ ሆነላቸው። ከዚሁ ነገድ የሚቈጠረውና ኒኮላስ ዛካስ እ.ኤ.አ. በ2013 ለጃቫስክሪፕት ቋንቋ የጀመረው ኢኤስሊንት፣ እያንዳንዱ ማኅበር ደንቡን እንደ ፈቃዱ እንዲያጸና፣ እንዲሽርና እንዲጨምር መንገድ ስለ ከፈተ፣ በስብስብ ውስጥ ያሉ ዋጋዎች ሁልጊዜ በተራ ይኑሩ የሚለው ደንብ ከብዙዎቹ አንዱ ሆኖ ገባ።

የደንቡ ጥቅም ግልጥ ነው። ሁለት ሠራተኞች አዲሱን ዋጋ ሁልጊዜ ከዝርዝሩ መጨረሻ ቢጨምሩ፣ ሥራቸው በሚዋሐድበት ጊዜ በአንድ ስፍራ ይጋጫሉ፤ በተራ ቢያገቡት ግን የየራሱን ቦታ ይዞ ግጭቱ ይቀንሳል፤ ሁለት ጊዜ የተጻፈውም ዋጋ ከመሰሉ አጠገብ ስለሚወድቅ ወዲያው ይጋለጣል።

ደንቡን የሚያሰናዳ ሰው ግን ሊወስነው የሚገባው ብዙ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል መለያ ቍጥር በሚሰጠው በአስኪ ሠንጠረዥ የላቲን ታላላቅ ፊደላት ሁሉ ከትንንሾቹ ስለሚቀድሙ፣ ልዩነታቸውን ችላ በል ካልተባለ በቀር ታላቁ ዜድ ከትንሹ ኤ ፊት ይሰለፋል፤ ቍጥርም እንደ ጽሑፍ ከታየ 10 ከ2 ይቀድማል። የእኛም ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው የፊደላት መዝገብ ሲገባ በሀለሐመ ተራ ስለ ገባ፣ መለያ ቍጥርን ብቻ የሚያነጻጽር መርማሪ አበገደን አያውቅም፤ ሀ፣ ሐ እና ኀም ተራርቀው ስለሚኖሩ፣ አንዱ ቃል በሁለት አጻጻፍ ቢመጣ በሁለት ስፍራ ይበተናል።

ከዚህም ሁሉ የሚበልጠው፣ ተራው ራሱ ትርጉም የሚሆንበትን ስፍራ መለየት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በጃቫስክሪፕት የሚገኘው ድግግሞሽ የማይቀበል ስብስብ አባላቱን በገቡበት ቅደም ተከተል ይዞ ይኖራልና፣ ፕሮግራሙ በዚያ ቅደም ተከተል የሚሠራ ከሆነ በፊደል መደርደር ሥራውን ይለውጠዋል። መርማሪው ተራ መጠበቅን እንጂ ተራው ለምን እንደ ተመረጠ አያውቅም፤ ይህን የሚያውቀው ሰው ነው። ስለዚህ ደንቡን የሚያጸና ሁሉ፣ የትኛውን ተራ እንደ መረጠና የቱን ስፍራ እንዳይነካ እንደ ከለከለ፣ ከነምክንያቱ ከደንቡ አጠገብ ጽፎ ያኑር፤ ሥራውን የሚረከበው ሰው ደንቡን ሳይፈራ የሚያሻሽለው ያን ጊዜ ነውና።