ከምሕረት ልመና ወደ መብት ክርክር፦ የተጎዳ ሠራተኛና ጠበቃው በኢትዮጵያ ታሪክ



የዛሬውን ንግግሬን ከአንድ ወረቀት ልጀምር። ወረቀቱ የአጎቴ ነው። በ1961 ዓ.ም. በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠሩ የቀኝ እጃቸውን ሦስት ጣቶች ማሽን ቆረጣቸው። ከሐኪም ቤት እንደ ወጡ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ወደሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ሄዱ። የጻፈላቸው ማመልከቻ ቅጂ ዛሬም በእጄ ይገኛል። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ስለ ልጆቻቸው ብዛት፣ ስለ ድህነታቸውና ስለ ሥራ አስኪያጁ ደግነት በሰፊው ይናገራል። በመጨረሻም ለፋብሪካው በር ዘበኛ ሆነው እንዲቀጠሩ በምሕረት ይለምናል። ስለ ካሣ አንዲት ቃል የለበትም። የሕግ አንቀጽም አይጠቅስም። አጎቴ ዘበኛ ሆኑ፤ ሃያ ዓመት አገልግለውም አረፉ። ካሣ ግን አልጠየቁም፤ ስላልጠየቁም አላገኙም።

ታሪክ ለማስተማር ከመረጥኩ በኋላ ይህን ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩት። ሁልጊዜም የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው። በ1961 ዓ.ም. ሕግ ነበረ ወይ? መልሱ «ነበረ» ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በሥራ ላይ ለሚደርስ አደጋና ለሙያ በሽታ አሠሪው ኃላፊ መሆኑን የሚደነግጉ አንቀጾች ነበሩት። እንግዲያው የጎደለው ሕጉ አልነበረም፤ በሕጉና በአጎቴ መካከል የሚቆም ሰው ነበር። የዛሬው ንግግሬ የዚያን ሰው፣ የጠበቃውን፣ ታሪክ ይከተላል።

በአገራችን የሙግት ባህል እንግዳ አይደለም። «በሕግ አምላክ» ተብሎ የተጠራ ሰው ከጠብ መሐል እንኳ ይቆም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ታስረው ከአጥቢያ ዳኛ እስከ ዙፋን ችሎት ይጓዙ ነበር። በላ ልበልሃ በሚባለው ሥርዓት ተሟጋቹ ቆሞ፣ በቃላት እየተወራረደ፣ ማርና ፈረስ እያስያዘ ይከራከር ነበር። አንደበቱ የማይመች ሰው ነገር አዋቂ ይወክል ነበር። «ጠበቃ» የሚለው ቃል ከ«ጠበቀ» መምጣቱን፣ «ነገረ ፈጅ» የሚለውም ነገሩን የሚፈጽም ማለት መሆኑን ልብ በሉ። ሁለቱም ቃላት ዘመናዊ ፍርድ ቤት ከመቋቋሙ በፊት ሕዝቡ የሚያውቃቸው ናቸው። «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለው ተረትም የዚሁ ባህል ምስክር ነው።

ይሁን እንጂ ያ ባህል የተገነባው በሰውና በሰው መካከል ለሚነሣ ነገር ነበር። ሰው ሰውን ሲያቆስል የደም ካሣ ይቆረጣል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሁለት ዘመዳሞች ይታረቃሉ። ማሽን ግን ዘመድ የለውም። በ1890 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው የጅቡቲ የምድር ባቡር፣ በኋላም በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመረው የወንጂ ፋብሪካ አዲስ ዓይነት ጉዳት አመጡ። በዚህ ጉዳት ውስጥ ጥፋተኛውን በስም ጠርቶ ማቆም ያስቸግራል። ጥርስ ያለው መዘውር እጅ ሲይዝ «ማን አጠፋ?» ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ራሱ ሠራተኛው ነው፤ አልተጠነቀቀም» የሚል ይሆናል። ስለዚህ ሕጉ ጥያቄውን ራሱን መለወጥ ነበረበት። «ማን አጠፋ?» ማለቱን ትቶ «ከሥራው ማን ይጠቀማል?» ማለት ጀመረ። ዛሬ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ጉዳት ኃላፊ የሚሆነው ከዚህ አስተሳሰብ የተነሣ ነው። ሠራተኛው ራሱን ሆን ብሎ ካልጎዳ፣ ወይም የደኅንነት ትእዛዝን ሆን ብሎ እንደ መጣስና ሰክሮ ወደ ሥራ እንደ መግባት ያለ ነገር ካልተገኘበት በስተቀር፣ ጉዳቱ መድረሱንና ከሥራው ጋር መያያዙን ማስረዳት ይበቃዋል።

የጠበቃውም ሙያ በዚሁ ዘመን መልክ ያዘ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አዋቀረ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ጠበቆች የሚመዘገቡበት ደንብ ወጣ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ። በ1956 ዓ.ም. የሥራ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ታወጀ፤ በዚያው ዓመት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። ሕጉ፣ ማኅበሩና ትምህርት ቤቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ተከታትለው መጡ ማለት ነው። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ የሕግ ምሩቃን በቁጥር ጥቂት ነበሩ፤ መንግሥትም ይፈልጋቸው ነበር። በፋብሪካ ደጃፍ ያለው ሠራተኛ የሚደርሰው ማመልከቻ ጸሐፊ ብቻ ነበር። የአጎቴ ወረቀት የተጻፈው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ማመልከቻ ጸሐፊውን ለመውቀስ አልፈልግም። እርሱ የተማረው ከአቤቱታ ወግ ነው፤ ያ ወግ ደግሞ ለጌታ የሚቀርብ የልመና ወግ ነበር። ልዩነቱ ግን ግልጽ ይሁንልን። ልመና የሚጽፍ ሰው ስለ ለማኙ ችግር ይጽፋል፤ ክስ የሚጽፍ ሰው ስለ ከሳሹ መብት ይጽፋል። የመጀመሪያው ለሰሚው ምርጫ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው ግዴታውን ያስታውሰዋል።

በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ፋብሪካዎች ሲወረሱ አሠሪው መንግሥት ሆነ። በ1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 64 ወጣ። በ1985 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 42፣ በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 377፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አሁን የምንሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156 ተከተሉ። በጠበቆች በኩል አዋጅ ቁጥር 199/1992 እና የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ወጡ፤ በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1249 የጥብቅና ድርጅት ማቋቋምን ፈቀደ። ደንብ ቁጥር 57 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ማዘዙን እዚህ ላይ አስታውሳለሁ። ከዚያም በፊት በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ገንዘብ የሌለው ሰው በደሃ ደንብ እንዲከስ በር ከፍቶ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ የተጎዳ ሰው ጠበቃ ሲይዝ በእርግጥ ምን ይገዛል? ብዙዎች የሚመስላቸው አንደበት ነው፤ ይህም ከበላ ልበልሃ የወረስነው እምነት ነው። እኔ ግን ሦስት ሌሎች ነገሮችን አያለሁ።

አንደኛው ጊዜ ነው። ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ክስ በመርሕ ደረጃ በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ያለ አግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራ ለመመለስ ያለው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ያበቃል። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሰጠው ሁለት ዓመት ነው። ስብራት እስኪድን፣ አሠሪው «እናስብልሃለን» እያለ እስኪያባብል፣ ሽማግሌ ተልኮ እስኪመለስ ቀኑ ይሄዳል። ዕርቅ ባህላችን ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ያልተጻፈ ተስፋ ችሎት ፊት አቅም የለውም።

ሁለተኛው ሒሳብ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ለደረሰበት ሠራተኛ የሚከፈለው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው፤ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ በመቶኛው ልክ ይሰላል። ለምሳሌ ያህል የወር ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሰው 30 በመቶ ጉዳት ቢቆረጥለት 108,000 ብር ይሆናል። በውሉ ላይ ግን ደመወዙ 3,000 ብር ተብሎ ተጽፎ ከሆነ 54,000 ብር ብቻ ይቀራል። የጡረታ ዕቅድ የሚሸፍነው ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ በሌላ ሕግ ይሄዳል። የሐኪሞች ቦርድ የሚጽፈው መቶኛና በውሉ ላይ ያለው ደመወዝ ከማንኛውም የችሎት ንግግር ይበልጣሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በኩል ለሕሊና ጉዳት የተወሰነው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። በ1952 ዓ.ም. ክብደት የነበረው ገንዘብ ዛሬ ምን እንደሚገዛ ለእናንተው እተዋለሁ።

ሦስተኛው የሕጉን ድንበር ማወቅ ነው። ግለሰብ ቤት የሚሠራ የቤት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፈንም። ውል ሳይኖረው በግንባታ ቦታ የሚውል የቀን ሠራተኛም ተቀጣሪነቱን ማስረዳት ይከብደዋል። የሚጎዳው ሰው ዛሬም ብዙ ጊዜ ከዚህ ወገን ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ለእናንተ የማቀርበው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። የሕግ ታሪክን የአዋጆች ታሪክ አድርገን ማስተማር ለምደናል። እኔም ቁጥራቸውን ዛሬ ደረደርኩላችሁ። አዋጅ ወደ ሰው ሕይወት የሚገባው ግን አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ሲጽፍ ነው፤ የሚጽፈው ምን እንደ ሆነ ደግሞ ውጤቱን ይወስነዋል። በፍርድ ቤት መዛግብት ቤቶች የተከማቹትን የሠራተኞች ክሶችና በፋብሪካዎች ፋይል ውስጥ የቀሩትን ማመልከቻዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ተመራማሪ ከእናንተ መካከል ይነሣ። መቼ ነው «እለምናለሁ» የሚለው ግሥ «እጠይቃለሁ» በሚለው የተተካው? በየትኛው ከተማ፣ በማን ብዕር? ይህን የሚመልስ ጥናት እጅግ ያስፈልገናል።

የአጎቴን ወረቀት በየዓመቱ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አሳያለሁ። ካነበቡት በኋላ በ1952ቱ ሕግ መሠረት እንደ ገና እንዲጽፉት አዛቸዋለሁ። ብዙዎቹ ከአንድ ገጽ አያልፉም። የልጆቹ ብዛት ይወጣል፤ የአደጋው ቀን፣ የሐኪሙ ማስረጃና የደመወዙ መጠን ይገባሉ። ዘበኛ የመሆን ልመናም ከመጨረሻው መስመር ይሰረዛል።