በአንድ ቻርጅ

ዩዋን ፕላስ የተሰኘው የቢዋይዲ የኤሌክትሪክ መኪና በአገሩ በቻይና ሲተዋወቅ «በአንድ ቻርጅ 510 ኪሎ ሜትር» ይባልለታል። ይኸው መኪና 60 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚይዘውን ባትሪውን ሳይቀይር «አቶ 3» ተብሎ አውሮፓ ሲገባ ቁጥሩ ወደ 420 ይወርዳል። (በስሙ መሳቅ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ብቻ የተሰጠ ዕድል ነው።)

ሻጩ አልዋሸም። «በአንድ ቻርጅ» ማለት ሙሉ ባትሪ ባዶ እስኪሆን በላቦራቶሪ ተለክቶ የተገኘ ርቀት ማለት ነው፤ መለኪያው ግን እንደ አገሩ ይለያያል። ሲኤልቲሲ የሚባለው የቻይናው ፈተና አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብሊውኤልቲፒ የተሰኘው የአውሮፓው ወደ 46 ይጠጋል፣ ጫፉም 131 ይደርሳል። ፍጥነት ሲጨምር መኪናው ከአየር ጋር የሚያደርገው ትግል ይበረታል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ «በአንድ ቻርጅ» የሚለው ሐረግ የአዲስ አበባ መኪና ሻጮች ቋንቋ ሆኗል። ለከተማው መጨናነቅ የቻይናው ቁጥር እንዲያውም ብዙ አያሳፍርም። በአዳማው የፍጥነት መንገድ 100 ይዞ ለሚበር ሰው ግን ያ ቁጥር ማስታወቂያ ብቻ ነው፤ እኔ ብሆን የአውሮፓውን እጠይቃለሁ። ኢፒኤ የሚባለው የአሜሪካው ፈተና ከሁለቱም ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ችግሩ እዚያ ገበያ ላልገባ መኪና አይገኝም።