የሪፈረንስ ቆጠራ በኦፐሬቲንግ ሲስተም ከርነል

የሪፈረንስ ቆጠራ (የማጣቀሻ ቆጠራም ይባላል) በኮምፒውተር ሳይንስ አንድ የሜሞሪ ክፍል ስንት ተጠቃሚዎች እንዳሉት በቁጥር እየመዘገቡ፣ የመጨረሻው ተጠቃሚ ሲለቀው ብቻ ሜሞሪውን ነጻ የማድረግ ዘዴ ነው። ዘዴውን መጀመሪያ በጽሑፍ ያቀረበው አሜሪካዊው ጆርጅ ኮሊንስ በ1960 ነው። ዛሬ እንደ ፓይተንና ስዊፍት ባሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች ውስጥ ይሠራበታል። ይህ መጣጥፍ የሚያተኩረው ግን ዘዴው በከርነል ውስጥ፣ በተለይም በሊኑክስ፣ የጋራ በፈሮችን ለመጠበቅ በሚሰጠው አገልግሎት ላይ ነው። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ለምን ያስፈልጋል

ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው። ሜሞሪን፣ ፋይሎችንና ኔትወርክን የሚያስተዳድረው እርሱ ስለሆነ በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን አለው። የአንድሮይድ ስልኮች ከርነልም ሊኑክስ ነው። በፈር ደግሞ ዳታ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲተላለፍ ለጊዜው የሚያርፍበት የሜሞሪ ቦታ ነው። ዳታን ደጋግሞ መገልበጥ ጊዜና ሜሞሪ ስለሚፈጅ፣ ከርነሉ አንዱን በፈር ለብዙ ክፍሎቹ በጋራ ያውሰዋል። ችግሩ የሚመጣው የማስለቀቂያው ሰዓት ሲደርስ ነው። በፈሩ ጨርሶ ካልተለቀቀ ሜሞሪው ያለ ጥቅም ተይዞ ይቀራል፤ ይህ የሜሞሪ መፍሰስ ይባላል። ያለጊዜው ከተለቀቀ ደግሞ ቦታው ለሌላ ሥራ ይሰጥና የቀድሞው ተጠቃሚ የሌላውን ዳታ ማንበብ ወይም መደምሰስ ይጀምራል። ይህኛው ከተለቀቀ በኋላ መጠቀም የሚባለው ስህተት ነው።

የጋራ ሀብት መጠበቅ በመንዝ አዲስ ነገር አይደለም። የጓሳ የጋራ መሬት ለዘመናት በአካባቢው ሕዝብ ደንብ ተጠብቆ ኖሯል፤ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድና መሬቱ መቼ እንደሚዘጋ የሚቆጣጠር በኅብረተሰቡ የተመረጠ ኃላፊ ነበረው። ከርነል ውስጥ እንዲህ ያለ ኃላፊ የለም። የበፈሩን ተጠቃሚዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያይ ማንም የለም፤ ሁሉንም የሚያስታውሰው አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

የአንድ ፓኬት ጉዞ

አንድ ተማሪ ከመሐል ሜዳ በስልኩ ፎቶ ወደ አዲስ አበባ ይልካል እንበል። ፎቶው በብዙ ፓኬቶች ይከፋፈላል። ሊኑክስ እያንዳንዱን ፓኬት ኤስኬ-ባፍ በሚባል መዋቅር ይይዘዋል። የማስተላለፊያ ደንቡ ቲሲፒ ከሆነ፣ ፓኬቱ ከስልኩ ወጣ ተብሎ በፈሩ ወዲያው አይለቀቅም። በተራሮቹ መካከል ሲግናል ቢቋረጥ ያንኑ ፓኬት እንደገና መላክ ያስፈልጋልና። ስለዚህ ቲሲፒ ዋናውን በእጁ ያስቀርና ለሞደሙ ድራይቨር ክሎን ይሰጠዋል።

ክሎኑ ሙሉ ቅጂ አይደለም። አዲስ የሚሠራው የመዋቅሩ ራስ ብቻ ሲሆን ዳታው ያለበት በፈር የሁለቱ የጋራ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለት ዓይነት ቆጠራ አለ፤ አንዱ ራሱን የያዙትን ይቆጥራል፣ ዳታሬፍ የሚባለው ሌላው ደግሞ በፈሩን የሚጋሩትን። ክሎኑ ሲሠራ ዳታሬፍ ከ1 ወደ 2 ያድጋል። ድራይቨሩ ልኮ ሲጨርስ ወደ 1 ይወርዳል፤ ከአዲስ አበባ የመድረሻ ማረጋገጫ ሲመጣ ቲሲፒ የራሱን ይለቃል፣ ቁጥሩ 0 ይሆናል፣ በፈሩም ነጻ ይወጣል። አንዳንድ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥና ድራይቨሩ ክሎኑን ሳይለቅ ማረጋገጫው ቀድሞ ይደርሳል። ቁጥሩ ማን እንደቀደመ ስለማይጠይቅ ውጤቱ አንድ ነው። የዘዴው ውበትም እዚህ ላይ ነው።

የቆጠራው ትክክለኛነት

ቁጥር መጨመርና መቀነስ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ሲፒዩ ባለው ማሽን ሁለት ሲፒዩዎች በአንድ ቅጽበት 1 የሚለውን አንብበው ሁለቱም 2 ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። ተጠቃሚዎቹ አሁን ሦስት ናቸው፤ መዝገቡ ግን ሁለት ይላል። ሁለቱ ሲለቁ ቁጥሩ 0 ደርሶ ሜሞሪው ይለቀቃል፣ ሦስተኛው ግን ገና እየተጠቀመበት ነው። ስለዚህ ቆጠራው አቶሚክ በሆኑ፣ ማለትም መሃላቸው ሊቋረጥ በማይችል የሲፒዩ ትእዛዞች ይከናወናል።

አቶሚክ መሆኑ ብቻውንም አይበቃም። አንድ ሲፒዩ ቁጥሩን 0 አድርሶ ለመልቀቅ ሲዘጋጅ፣ ሌላው ያንኑ ነገር ከሠንጠረዥ ውስጥ አግኝቶ 1 ሊያደርገው ይሞክር ይሆናል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ 0 የደረሰ ቁጥር ተመልሶ አይነሳም። በዚህ ምክንያት ሊኑክስ "0 ካልሆነ ብቻ ጨምር" የሚል ትእዛዝ አለው። ከዚህ ጋር አብሮ የሚሠራው አርሲዩ የተባለው ስልት በ2002 ወደ ሊኑክስ ገብቷል። ፖል ማኬኒ ከዋና ፈጣሪዎቹ አንዱ ነው። አርሲዩ አንባቢዎች ያለ መቆለፊያ እንዲያነቡ ይፈቅድና፣ ቀድመው የጀመሩት ሁሉ እስኪጨርሱ ድረስ መልቀቁን ያዘገያል።

ቁጥሩ ሲሞላ

በጥር 2016 ይፋ የሆነው ሲቪኢ-2016-0728 የተባለ ክፍተት የተገኘው በከርነሉ የቁልፍ ማስቀመጫ ክፍል ነው። የተቆጠረው ነገር በፈር ባይሆንም ስህተቱ ለበፈርም ያው ነው። አንድ ፕሮግራም አስቀድሞ የያዘውን ቀለበት እንደገና ሲጠይቅ ከርነሉ ቁጥሩን ይጨምር ነበር፤ መልሶ መቀነሱን ግን ይረሳል። አንድ ጊዜ ቢሆን ትንሽ የሜሞሪ መፍሰስ ነው። ቆጣሪው ግን 32 ቢት ስለሆነ፣ ጥያቄው 4,294,967,296 ጊዜ ከተደጋገመ ቁጥሩ ዞሮ ወደ 0 ይመለሳል። ያኔ ከርነሉ ተጠቃሚ የለም ብሎ ሜሞሪውን ይለቃል። ክፍተቱን ያገኙት ተመራማሪዎች በራሳቸው ኮምፒውተር ይህን ለመፈጸም ግማሽ ሰዓት ያህል በቅቷቸዋል። ስህተቱ ከሊኑክስ 3.8 ጀምሮ እዚያው ነበር።

በ2017 በወጣው ሊኑክስ 4.11 ሪፍካውንት-ቲ የተባለ አዲስ የቆጣሪ ዓይነት ገባ። ይህ ቆጣሪ ሲሞላ አይዞርም፤ ባለበት ይደርቃል። የደረቀ ቆጣሪ ያለው ሜሞሪ ዳግመኛ ስለማይለቀቅ ይፈሳል። ምርጫው ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ የፈሰሰ ሜሞሪ ማሽኑን ቢያዘገይ ነው፣ ያለጊዜው የተለቀቀ ሜሞሪ ግን ለአጥቂ በር ይከፍታል። ሐሳቡ ቀደም ሲል ፓክስ በተባለው የከርነል ማጠናከሪያ ውስጥ ነበር። ሁሉም ቆጣሪ ግን ወዲያው አልተቀየረም። የሜሞሪ ገጾች ቆጣሪ በነበረበት ቀርቶ፣ በ2019 እርሱም ከ140 ጊጋባይት ያህል ሜሞሪ ባለው ማሽን ላይ ሊሞላ እንደሚችል ታየ። በሊኑክስ 5.1 በቧንቧ በኩል ገጽ የሚጋሩ ጥያቄዎች ቁጥሩ እጅግ ሲያድግ እንዲከለከሉ ተደረገ።

ክብ ማጣቀሻና ሲቪኢ-2021-0920

የሪፈረንስ ቆጠራ ትልቁ ድክመት ክብ ማጣቀሻ ነው። ሀ ለን ቢይዝ፣ ለም ሀን ቢይዝ፣ ከውጭ ማንም ባይፈልጋቸው እንኳ የሁለቱም ቁጥር 0 አይደርስም። በሊኑክስ ይህ በዩኒክስ ሶኬቶች ላይ ይከሰታል፤ አንድ ሶኬት በመልእክት ውስጥ ተደርጎ በሌላ ሶኬት ሊላክ፣ ራሱም በራሱ ውስጥ ሊላክ ይችላልና። ስለዚህ ከርነሉ ለእነዚህ ብቻ ልዩ የቆሻሻ ሰብሳቢ አለው። ሰብሳቢው ለእያንዳንዱ ሶኬት ጠቅላላውን ቁጥር በጉዞ ላይ ካሉት መልእክቶች ቁጥር ጋር ያነጻጽራል። እኩል ከሆኑ ከውጭ የያዘው የለም ማለት ነው።

ስሌቱ ትክክል የሚሆነው ቁጥሮቹ በመሃል ካልተለወጡ ነው። አንድ ፕሮግራም ግን መልእክቱን ከወረፋው ሳያወጣ "ማሾለቅ" ይችላል፤ ማሾለቁም ሰብሳቢው እያሰላ ሳለ ቁጥሩን ይለውጠዋል። ሰብሳቢው ተሳስቶ ሌላው ገና የሚያነበውን ኤስኬ-ባፍ ያስወግዳል። ይህ ስህተት በ2016 በአንድ የከርነል ገንቢ ተስተውሎ በይፋ ውይይት ተደርጎበት ነበር፤ ማስተካከያው ግን የገባው በ2021 ነው። በመካከሉ፣ በኅዳር 2020 ገደማ፣ አንድ የንግድ የስለላ ሶፍትዌር አቅራቢ በሳምሰንግ ስልኮች ላይ ሲጠቀምበት የጉግል ባለሙያዎች ደርሰውበታል። አምስት ዓመት በይፋ ተቀምጦ የቆየ የቆጠራ ስህተት የሰዎችን ስልክ ለመሰለል ዋለ ማለት ነው።

ኢትዮጵያውያንና የስለላ ሶፍትዌር

የካናዳው ሲቲዝን ላብ በየካቲት 2014 ባወጣው ዘገባ፣ በታኅሣሥ 2013 በውጭ ሀገር የሚሠሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች ሃኪንግ ቲም በተባለው የጣሊያን ኩባንያ ሶፍትዌር ዒላማ እንደሆኑ ገልጿል። በሐምሌ 2015 ከኩባንያው አፈትልከው የወጡ ሰነዶችም የኢትዮጵያን የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ በደንበኝነት ያሳያሉ። በ2017 ደግሞ ሲቲዝን ላብ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሶፍትዌር በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ላይ መዋሉን ዘግቧል።

እነዚህ ሙከራዎች በአመዛኙ በማታለል ላይ የተመሠረቱ ነበሩ፤ ሰነድ መስሎ የተላከ ፋይል፣ የፍላሽ ማሻሻያ የሚመስል ሐሰተኛ ገጽ። ተጠቃሚው ካልከፈተው አይሠሩም። የከርነል ክፍተት ሲጨመር ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በአንድ አፕ ውስጥ ብቻ የገባ አጥቂ ከዚያ ወጥቶ መላውን ስልክ መያዝ ይችላል። ከሃኪንግ ቲም በወጡት ፋይሎች ውስጥም የፍላሽ ማጫወቻ ከተለቀቀ በኋላ መጠቀም ክፍተትና የዊንዶውስ ከርነል ክፍተት አብረው ተገኝተዋል።

ከቆጠራ ባሻገር

ሊኑክስ የተጻፈበት ሲ ቋንቋ ፕሮግራመሩ መቁጠር ቢረሳ አይከለክለውም። በታኅሣሥ 2022 በወጣው ሊኑክስ 6.1 ረስት ቋንቋ ወደ ከርነሉ መግባት ጀመረ። በረስት ማጣቀሻው ከእጅ ሲወጣ ቁጥሩ በራሱ ይቀንሳል፤ የተለቀቀን ነገር የሚጠቀም ኮድም በአብዛኛው ገና ሲጠናቀር ውድቅ ይሆናል። ከሲ ኮድ ጋር የሚገናኝበት ድንበር ግን አሁንም በሰው ጥንቃቄ የሚጠበቅ ነው። አብዛኛው የከርነል ኮድም ገና በሲ ነው።

የሲቪኢ-2021-0920 ማስተካከያ ለአንድሮይድ የወጣው በኅዳር 2021 የደህንነት ማሻሻያ ነው። ከዚያ በፊት ማሻሻያ ማግኘት ያቆሙ፣ ክፍተቱ ያለባቸው ስልኮች ስህተቱን እንደያዙ ይቆያሉ። የአንድ ስልክ የመጨረሻ የደህንነት ማሻሻያ ቀን በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ፣ ስለ ስልኩ በሚለው ክፍል ይገኛል።