ቀለም የለበሰው ብርጭቆ፦ ከደማስቆ እስከ ቬኒስ



ባዶ ጠርሙስ አጥበው፣ በደማቅ ቀለም አስውበው የአበባ ማስቀመጫ ወይም የቤት ጌጥ የሚያደርጉ ወጣቶችን ብዙዎቻችን አይተናል። ነገሩ ትናንት ከኢንተርኔት የመጣ ይመስለናል። ብርጭቆን በቀለም ማስጌጥ ግን በሙስሊሙ ዓለም ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ አለው። ዛሬ ያን ታሪክ አብረን እናያለን። መጨረሻው ትንሽ ያማል፤ ማወቁ ግን ይጠቅመናል።

መነሻችን ግብፅ ናት። ከዛሬዋ ካይሮ ጎን ባለችው በጥንታዊቷ ፉስጣጥ በቁፋሮ የተገኘ አንድ የብርጭቆ ጽዋ አለ። በላዩ ላይ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅን ያስተዳደረው የዐብዱሰመድ ኢብን ዐሊ ስም በቀለም ተጽፏል። የዚያ ዘመን ባለሙያዎች ብርና መዳብ ያለበት ቀለም በብርጭቆ ላይ ይቀቡና ጭስ በበዛበት፣ አየር ባነሰበት ምድጃ ያሞቁታል። ቀለሙ ከብርጭቆው ጋር ተዋህዶ እንደ ብረት ያብረቀርቃል።

ከ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በሶርያና በግብፅ ከዚህ የሚበልጥ ጥበብ አደገ። በቀለም የነጠረ ብርጭቆን እንደ ዱቄት ፈጭተው፣ በሚያጣብቅ ፈሳሽ ለውሰው፣ በብሩሽና በብዕር ይስሉበት ነበር። ሰማያዊውን ላጲስ ላዙሊ ከሚባለው የከበረ ድንጋይ፣ ቀዩን ከብረት፣ ነጩን ከቆርቆሮ ማዕድን ያወጡታል። ወርቅም ይጨምሩበታል።

ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀለሙ እንዲጣበቅ መቅለጥ አለበት፤ ዕቃው ራሱ ግን ለስልሶ ቅርጹ መበላሸት የለበትም። ስለዚህ ባለሙያው ዕቃውን በብረት ዘንግ ጫፍ ይዞ፣ እያገላበጠ ወደ እሳቱ ያስገባዋል። ጥቂት ካቆየው ይጣመማል፤ ፈጥኖ ካወጣው ቀለሙ አይዝም። ትክክለኛዋን ቅጽበት የሚያውቀው ዓይኑና እጁ ብቻ ነው። ዛሬ እኛ የምንቀባው ተራ ቀለም በጥፍር ሲፋቅ ይነሳል፤ የእነሱ ግን ከ700 ዓመት በኋላም እንዳለ ነው።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ስመ ጥሩ የመስጂድ ቀንዲል ነው። ከ1356 እስከ 1363 እ.ኤ.አ. ለተሠራው የካይሮው የሱልጣን ሐሰን መስጂድ በርካታ ቀንዲሎች ተሠርተውለታል፤ ብዙዎቹ ዛሬ በካይሮ የእስልምና ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ። በእነዚህ ቀንዲሎች አንገት ላይ በብዛት የሚጻፈው የሱረቱ አን-ኑር 35ኛዋ አንቀጽ፣ አያቱ አን-ኑር ነች። አንቀጿ የምታነሳው በብርጭቆ ውስጥ ያለ መብራትን ስለሆነ፣ ዘይቱ ሲበራ ብርሃኑ ስለ ብርሃን በተጻፈው ቃል መካከል አልፎ ይወጣል። ሱብሓነላህ!

ጠርሙሶችም ነበሩ። የየመን ረሱሊድ ሱልጣኖች አንገታቸው ረጅም የሆነ ባለ ቀለም ጠርሙሶችን ከመምሉኮች ግዛት ያሠሩ ነበር። ባለ አምስት ቅጠል አበባው የእነሱ ምልክት ነው።

ታዲያ ይህ ጥበብ የት ደረሰ?

ቬኒስ ከሶርያ ጠረፍ ጋር ትነግድ ነበር። በ1277 እ.ኤ.አ. የተፈረመ አንድ የንግድ ውል ቬኒሳውያን ከትሪፖሊ ግዛት የብርጭቆ ስብርባሪ ሲያወጡ ስለሚከፍሉት ቀረጥ ይደነግጋል። እኛ የምንጥለውን ስብርባሪ እነሱ ቀረጥ ከፍለው ይወስዱት ነበር ማለት ነው፤ አቅልጠው ይሠሩበታልና። ቀለም የመቀባቱንም ጥበብ ብዙም ሳይቆዩ ያዙት።

በሌላ በኩል በሶርያና በግብፅ ነገሮች ተበላሹ። በ1348 አካባቢ የገባው ወረርሽኝ ሕዝቡን ጨረሰ። በ1401 ቲሙር ደማስቆን ዘርፎ የእጅ ባለሙያዎቿን ወደ ሰመርቀንድ ወሰደ። የመምሉኮች ኢኮኖሚም ተዳከመ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሥራው እየቀነሰ ሄዶ ተቋረጠ።

በ1569 እ.ኤ.አ. የዑስማኒያው ታላቅ ወዚር ሶኮሉ መሕመድ ፓሻ የመስጂድ ቀንዲል ፈለገ። ያዘዘው ከደማስቆ ወይም ከካይሮ አልነበረም። በኢስታንቡል በነበረው የቬኒስ መልእክተኛ በኩል፣ የቀንዲሎቹን ሥዕል ጨምሮ፣ 900 ቀንዲሎች ከቬኒስ አዘዘ። ሦስት መቶ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሻጭ የነበረው ገዢ፣ ገዢ የነበረውም ሻጭ ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ብሮካር የተባለ ፈረንሳዊ የድሮዎቹን ቀንዲሎች በሙዚየም አጥንቶ ዘዴውን መልሶ ሠራውና በ1867 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አሳየ።

እዚህ ላይ ቬኒስን ወይም ፓሪስን መውቀስ አይገባም፤ እነሱ ያደረጉት መማር ነው። ጥበብ በዘር አይወረስም። ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ካልተላለፈ፣ ቀንዲሉ በሙዚየም እያለ አሠራሩ ከመቃብር ይገባል።

ስለዚህ በእጃችሁ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ጠርሙስ መቀባትም ይሁን ልብስ ስፌት፣ ብረት ብየዳም ይሁን የአረብኛ ጽሕፈት፣ «ይህ ተራ ነገር ነው» የሚላችሁን አትስሙ። የምታውቁትን በደንብ አጥሩት፣ ከእናንተ የሚያንስ አንድ ሰውም አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አሳዩት። በሰፈራችሁም ሥራው አብሯቸው ሊቀር የደረሰ አዛውንት ባለሙያ ካሉ፣ ነገ ሳትሉ ሄዳችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ።

ወሏሁ አዕለም።