የድሮ ጋዜጣ ፎቶግራፍ የቅጂ መብት በኢትዮጵያ

የድሮ ጋዜጣ ፎቶግራፍ የቅጂ መብት በጋዜጣ ታትሞ የቆየ ፎቶግራፍ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ሊባዛ መቻል አለመቻሉን የሚመለከት የሕግ ጉዳይ ነው። የጥበቃ ዘመኑ ያለፈበት ፎቶግራፍ የሕዝብ ሀብት ይሆናል፤ ማንም ሰው በመጽሐፍም ሆነ በድረ ገጽ ሊያወጣው ይችላል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚታየው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ የነበሩትን ተመሳሳይ አንቀጾች የተካ ሲሆን፣ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ጽሑፍ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ፎቶግራፍ ግን የሚጠበቀው ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ የጋዜጣ ገጽ ላይ ፎቶው ነጻ ሆኖ ከጎኑ ያለው ጽሑፍ ገና የተጠበቀ ሊሆን ይችላል። ፎቶውን ብቻ ቆርጦ መጠቀምና ገጹን በሙሉ መለጠፍ አንድ አይደሉም።

ዘመኑን ማስላት

ፎቶው የተነሣበት ቀን ብዙ ጊዜ በጋዜጣ ላይ አይጻፍም፤ ግን አያስቸግርም። ስለ ቀወት ወረዳ የሚጽፍ ተማሪ በ1966 ዓ.ም. በወጣ የአዲስ ዘመን ዕትም ላይ የሸዋ ሮቢትን ገበያ የሚያሳይ ፎቶ አገኘ እንበል። ፎቶው ጋዜጣው ከመታተሙ በፊት መነሣቱ ግልጽ ስለሆነ፣ 25 ዓመቱ ቢዘገይ በ1991 ዓ.ም. አልቋል። ያው ፎቶ ከዓመታት በኋላ እንደገና ቢታተምም ቆጠራው እንደ አዲስ አይጀምርም።

የሚያሳስተው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ያለውን 1992 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወሰደ ሰው ጥበቃው ከሚያበቃበት ከ7 እስከ 8 ዓመት ቀድሞ ነጻ ነው ይላል።

የውጭ አገር ፎቶዎች

የአገር ውስጥ ጋዜጦች የውጭ ዜና ወኪሎችን ፎቶም ያትማሉ። ስለዚህ ከፎቶው ሥር ያለው መግለጫ መነበብ አለበት፤ «ሮይተርስ» ወይም «ኤፒ» የሚል ካለ የ25 ዓመቱ ስሌት ብቻውን አያስተማምንም። ፎቶው ኢትዮጵያ ውስጥ መነሣቱም ብቻውን ጉዳዩን አይወስነውም። ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በኮረም የቀረጻቸው የረሃብ ምስሎች ለዓለም የደረሱት በውጭ መገናኛ ብዙኃን ነው። እንዲህ ያሉት ምስሎች በእነዚያ አገሮች ሕግም መታየት አለባቸው፤ ለምሳሌ በብሪታንያ ጥበቃው ፎቶ አንሺው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይዘልቃል።

የጋዜጣውን ቅጂ በእጅ መያዝ የቅጂ መብት አይሰጥም። ወመዘክርን የመሰለ ቤተ መዛግብት ለማባዛት አገልግሎት ሊያስከፍል ይችላል፤ ክፍያው ግን ዘመኑ ያለፈውን ጥበቃ አይመልሰውም። የፎቶ አንሺው ስም ከታወቀ ከጋዜጣው ስምና ቀን ጋር ሊጠቀስ ይገባል።